ሳይነኩ

ሠላሳ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጣለች፤
ፔትሮዛቮድስክን በበረዶ በጭቃ አቋርጣለች፤
ቀንዶቹን ሽቦ ላይ ሰቅሎ የሚሮጥ ትሮሊባስ
ከባቡር ጣቢያ ወደ ሐይቁ ስትወስድ፣ ከሐይቁ ስትመልስ
መዳፏ እንደ ማጭድ ጎበጠ፣ ጣቷ ብረት ለመደ፤
ጡረታዋ መጣ፤ ጭብጧ ግን አልሄደ።

አሁን አግራፌና፣ በስልሳ አንደኛ ዓመቷ፣
አሮጌ ሣጥን ገዝታ አቁማለች ከመኝታ ቤቷ፤
በቀኙ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ በግራው የብረት ቀለበት፤
ክር የለው፣ ከበሮ የለው፣ የሚነፉት ቀዳዳ የለበት።
«ቴረሚን ነው፣» አለ ሻጩ፣ ገንዘቡን እየቆጠረ፤
እንዴት እንደሚጫወቱት ግን አንድ ቃል አልተናገረ።

ያን ያስተማራት ኒካንድር ፓቭሎቪች ነው፣
የባህል ቤቱ ሽማግሌ፣ ሳል የማይለየው።
«አትንኪው፣» አላት። «ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላው ትርፍ ነገር።
እንደ ምሰሶ ቁሚ፤ ጉልበትሽ እንኳ ንቅንቅ አይበል፣ አይሰበር።
ማዞሪያውን አዙሪ፣ በቀስታ፣
ድምፁ ትከሻሽ ዘንድ እስኪሞት፤ ያ ነው ዜሮው፣ ያ ነው ጸጥታ።
ከዚያ ወደ ዘንጉ በቀረብሽ ቁጥር እየቀጠነ ይወጣል፤
ስትርቂ እየወፈረ ይወርዳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።
ግራ እጅሽ ትንፋሹ ነው፤ ስታነሺው ይተነፍሳል፣
ወደ ቀለበቱ ስታወርጂው የጀመረውን ቃል ይውጣል።»

እጇን ዘረጋች።
ሣጥኑ አለቀሰ ማለት ይቀላል፤ አላለቀሰም።
ጥር ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲደርስ
የትሮሊባሱ ሽቦ የሚያፏጨው ፉጨት አለ፤
ያንን አፏጨ። ታውቀዋለች።
ደነገጠችና ጨበጠች፣ ልማድ ነው፣
ፍሬን የያዘች መስሏት፤
ድምፁ ጮኾ ጣራ ነካ።
የታችኛው ጎረቤት የማሞቂያውን ቧንቧ በማንኪያ መታ፦
ኳ፣ ኳ፣ ኳ።
«እሱም ምት ነው፣» አለ ኒካንድር እየሳለ። «ቁጠሪ።»

ሳምንት አለፈ፤ ዶ እና ሬ።
ሌላ ሳምንት፤ ያው ዶ፣ ያው ሬ፣ ግን ሌላ ሰፈር።
አየር ፌርማታ የለውም፤
«እዚህ ውረዱ» የሚል ሰሌዳ፣ የተሰመረ ነጭ መስመር የለውም።
ፋ ትናንት ከአፍንጫዋ ትይዩ ነበረች፤
ዛሬ ሹራብ ብትደርብ ሳትሰናበት ሄደች።
ድመቷ በእግሯ ሥር ብታልፍ ሚ ወደ ላይ ትሸሻለች፤
ደረቷ በትንፋሽ ቢነፋ፣ እሱም ይበቃታል፣ ትከዳለች።
ሌሊት ብርድ ልብሱ ላይ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትከፍታለች፤
እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲንቋቋ ትሰማለች።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ እሑድ፣ ፋ ተገኝታ ነበረች፤
አግራፌና ትንፋሿን ውጣ፣ በሁለት ጣት አየር ይዛት ቆማለች።
ድንገት ተጣመመች፤ ወደ ላይ፣ የፀጉር ውፍረት ያህል።
ድመቷ መስኮት ላይ ናት፤ ቀጥ ብላ ተኝታለች።
ሰው አለ ከኋላዋ።

አልዞረችም። የቤቱን ቁልፍ ይዞ የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤
ሳቭዬሊ። የአባቱ የበጋ ጎጆ ከተሸጠ ወዲህ፣ አራት ዓመቱ ነው።
«ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፣» አለችው፣ እጇን ሳታወርድ።
ሄደላት። መራቅ ያውቅበታል፤ ከርሟል ሲለማመድ።
ፋ ተቃናች። ጠራች፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ።
ያ ነው ያናደዳት።

ግራ እጇን አወረደች፤ ቤቱ ጭጭ አለ።
«ና፣» አለች፣ «በሩ ላይ አትገተር።
ጫማህን አውልቅና እዚህ ቁም፣ አትንቀሳቀስ፤
አንተን ቆጥሬ እንደገና ልቃኘው።»
ማዞሪያውን ነካች፤ የሚነካው እሱ ብቻ ነው፤
ዜሮው ከትከሻዋ ሸሽቶ ነበር፣ ቀስ ብላ መለሰችው።
ዘረጋች። አልጨበጠችም።
ፋ ወጣች፤ ትንሽ ዘቅዝቃ፣ እየተንቀጠቀጠች።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከታች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሳቭዬሊ።
«ምት ነው፣» አለች። «ቁጠር።»